ቤቱ ሲቃጠል የቤቱ ጌታ የት ነበር?

 

በረመዳን ልጆች ይጠይቃሉ። ከዐስር ሶላት እስከ መግሪብ ያለው ጊዜ ለሚጾም ልጅ ረጅም ነው፤ እንዳይበላ ጾም ይዟል፣ እንዳይሮጥ አቅም የለውም፣ አባቱና አያቱ ደግሞ ከወትሮው በተለየ አጠገቡ ተቀምጠዋል። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ በሆዱ ይዞት የከረመውን ያወጣዋል። በቢቸናና በሞጣ ያለን ኢማሞችና የመድረሳ አስተማሪዎች ስንገናኝም ወሬያችን ብዙ ጊዜ እዚሁ ላይ ያርፋል፤ ምን ተጠየቃችሁ፣ ምን ብላችሁ መለሳችሁ እንባባላለን።

አንዳንዱ ጥያቄ ከስልክ የተለቀመ ነው። አላህ ሁሉን ቻይ ከሆነ ራሱ የማያነሳው ድንጋይ መፍጠር ይችላል ወይ ይሉናል፤ ጓደኞቻቸውን የረቱበት ስለሆነ እየሳቁ ነው የሚጠይቁት። ለዚህ መልስ አለ፣ እንደርስበታለን። ሌላው ጥያቄ ግን የመጣው ከገዛ አገራችን ነው፤ ሲጠይቁትም አይስቁም። አላህ ሁሉን ቻይ ነው ብላችሁ አስተማራችሁን፣ አዛኝ ነው ብላችሁም አስተማራችሁን፤ ታዲያ መስጂዱ ሲቃጠል ለምን ዝም አለ? ይሉናል።

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ዕለቱ ጁሙዓ ነበር። በሞጣ ከተማ አራት መስጂዶች ጥቃት ደረሰባቸው፤ የሙስሊሞች ሱቆችና ንግድ ቤቶች ተቃጠሉ፣ ተዘረፉ። ዜናው አገር አዳረሰ፣ መንግሥት ድርጊቱን አወገዘ፣ በየከተማው ሙስሊሙ አደባባይ ወጥቶ ፍትሕ ጠየቀ፣ መልሶ ለመገንባትም ከየአቅጣጫው ገንዘብ ተዋጣ። ይህን አንባቢ ያውቀዋል። ያኔ በእናታቸው ጀርባ ታዝለው የነበሩ ልጆች ግን ዛሬ ቁርዓን ይቀራሉ። እሳቱን ከታላላቆቻቸው አፍ ሰምተውታል፤ የሚጠይቁን እነሱ ናቸው።

ጥያቄው ከእኛ በፊትም የነበረ ነው። ኤፒኩረስ ለሚባለው ለጥንቱ ግሪካዊ ፈላስፋ የሚሰጥ አቀራረብ አለው፤ ፈጣሪ ክፋትን ሊያስቀር ፈልጎ ካልቻለ ሁሉን ቻይ አይደለም፣ ችሎ ካልፈለገ ደግ አይደለም የሚል ነው ሐሳቡ። በበስራና በባግዳድ የነበሩ የእኛ ዑለማዎችም ለዘመናት ተከራክረውበታል። ስለዚህ አንድ የሞጣ ልጅ ሲጠይቀው እምነቱ ተበላሸ ብሎ መደንገጥ አይገባም። በሱረቱል በቀራህ እንደተነገረው መላእክት ራሳቸው፣ ምድርን የሚያበላሽና ደም የሚያፈስ ፍጡር ለምን እንደሚደረግባት ጠይቀዋል። ነቢዩላህ ኢብራሂም (ዐ.ሰ.) ሙታን እንዴት እንደሚነሱ እንዲያሳያቸው ጌታቸውን ለምነዋል፤ ስለዚህም አልተቆጣቸውም። ሙሳም (ዐ.ሰ.) ከኸድር ጋር ሲጓዙ፣ ዝም እንዲሉ ቃል ገብተው ሳለ፣ የመርከቧን መቀደድና የልጁን መገደል አይተው ዝም ማለት አልቻሉም። (በርዕሳችን «የት ነበር» ማለታችንም ቦታ ለመጠየቅ አይደለም፤ አላህን ቦታ አይወስነውም። ሰው ሲጨንቀው እንደሚናገረው ተናገርን እንጂ።)

በየቤቱ ሲሰጡ የምንሰማቸው መልሶች ግን ያሳስቡናል። አንዱ «ዝም በል፣ ይህ አይጠየቅም» የሚለው ነው። እንዲህ የተባለ ልጅ በእርግጥ ዝም ይላል፤ ጥያቄውን ግን ይዞት ወደ ስልኩ ይሄዳል፤ እዚያ ማን እንደሚመልስለት አናውቅም።

ከዚህ የባሰው «በወንጀላችን ነው» የሚለው ነው። ሶላት ስላጎደልን፣ ዘካ ስላላወጣን አላህ ቀጣን ይባላል። ሰው ስለ ራሱ ወንጀል ቢያለቅስ መልካም ነው፤ ረመዳንም ለዚያ ነው። የሌላውን መከራ አይቶ እንደ ቅጣት ደብዳቤ ማንበብን ግን ማን ፈቀደልን? ዕቃው አመድ የሆነበትን ነጋዴ፣ ጥፋተኛውም አንተው ነህ ልንለው ነው? በ10ኛው ዓመተ ሒጅራ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ልጅ ኢብራሂም አረፈ። ከማሪያ ቂብጢያ የተወለደ፣ ገና ጡት ያልጣለ ሕፃን ነበር። በዚያው ቀን ፀሐይ ጨለመች። የመዲና ሰዎች ፀሐይዋ የጨለመችው ለኢብራሂም ሞት ነው አሉ። ለሐዘንተኛ አባት ምን ያህል የሚያጽናና ወሬ ነበር! ሌላ ሰው ቢሆን ዝም ብሎ ባሳለፈው። ነቢዩ ግን አላሳለፉትም፤ ፀሐይና ጨረቃ የአላህ ምልክቶች እንደሆኑ፣ ለማንም መሞት ወይም መኖር ብለው እንደማይጨልሙ ለሕዝቡ ነገሩ። ወሕይ የሚወርድላቸው ነቢይ በገዛ ሐዘናቸው ቀን ያልተረጎሙትን፣ እኛ የጎረቤታችንን እሳት ገና ጭሱ ሳይጠፋ ልንተረጉመው አይገባም።

ሦስተኛ መልስም አለ፤ ማንም ጮክ ብሎ አይናገረውም። አልቻለም ይሆናል የሚል ነው። ይህን በልባቸው የያዙ ወጣቶች አሉ፤ የጽሑፋችን ጉዳይ በተለይ እነሱ ናቸው።

የልጆቹን ጥያቄ ያከበድነው እኛው ያስተማርናቸው ነገር መሆኑን ማመን አለብን። መጀመሪያ ከሚያዙት አጫጭር ሱራዎች አንዱ አልፊል ነው። ታሪኩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከአክሱም ሠራዊት ጋር ባሕር ተሻግሮ የመንን የገዛው አብረሃ፣ ዝሆን አስከትሎ ካዕባን ሊያፈርስ ዘመተ። የነቢዩ አያት ዐብዱልሙጠሊብ የተወሰዱባቸውን ግመሎች ሊያስመልሱ ወደ እሱ ሄዱ። ስለ ቤቱ ሳይለምኑ ስለ ግመል መለመናቸው አብረሃን ገረመው፤ እሳቸውም የግመሎቹ ጌታ እኔ ነኝ፣ ቤቱም የሚጠብቀው የራሱ ጌታ አለው የሚል መልስ ሰጡት። ከዚያ ወፎቹ መጡ። ልጁ ይህን ይዞ ያድጋል፤ መስጂድ ሲነካ ወፍ ይመጣል ብሎ ይጠብቃል። አንድ ቀን ወፍ ሳይመጣ ይቀርና ከሁለት አንዱን ለመደምደም ይገደዳል፤ ወይ ጌታው አቅም አጣ፣ ወይ ለሞጣ መስጂድ ግድ የለውም።

ለሕፃን ስንተርክ የምናስቀረው ቀሪ ታሪክ አለ። በ64 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 683) ከሻም የመጣ ሠራዊት ዐብደላህ ኢብኑ ዙበይርን (ረ.ዐ.) መካ ላይ ከቦ ሳለ፣ ያው አብረሃ ያልደረሰበት ካዕባ በእሳት ተቃጠለ። ከባቢው ሠራዊት ደግሞ የሙስሊም ሠራዊት ነበር። በ317 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 930) ቀራሚጣ የሚባሉት በሐጅ ወቅት መካ ገብተው ሑጃጆችን ፈጁ፣ ሐጀረል አስወድን ከግድግዳው ነቅለው ወሰዱ፤ ድንጋዩ የተመለሰው ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በዚህም ጊዜ ወፍ አልመጣም። ዑለማዎቻችን ይህን ሁሉ ያውቁ ነበር፤ በታሪክ መጻሕፍታቸው ጽፈውታል፣ አልደበቁትም። አልፊልንም ከሶላታቸው አላስወጡም። ሱራው አላህ ለቁረይሾች አንድ ጊዜ የዋለውን ውለታ ይነግረናል፤ እሳት በተነሳ ቁጥር ወፍ ይላካል የሚል ቃል ኪዳን ግን በውስጡ የለም። ያንን ቃል ኪዳን የጨመርነው እኛ ተራኪዎቹ ነን።

አሁን ወደ ድንጋዩ እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ1490 ያለፉት ኢማም ሰኑሲ በአጭሯ የዐቂዳ ኪታባቸው መግቢያ ላይ አእምሮ የሚፈርደውን ፍርድ በሦስት ይከፍሉታል። አለመኖሩ የማይታሰብ አለ፣ ዋጂብ ይባላል፤ መኖሩ የማይታሰብ አለ፣ ሙስተሒል ይባላል፤ ሊኖርም ላይኖርም የሚችል አለ፣ ጃኢዝ ይባላል። የአላህ ቁድራ የሚመለከተው ጃኢዙን ነው። ሁሉን ቻይ የሆነ ጌታ የማያነሳው ድንጋይ ማለት አራት ማዕዘን ያለው ክብ እንደማለት ነው፤ በአፍ ይነገራል እንጂ በልብ ሊሳል አይችልም። እንዲህ ያለውን አይፈጥርም ማለት ከአላህ ችሎታ ላይ የሚቀንሰው ነገር የለም። ይህ ይበቃል፤ ልጆቹም ይረዱታል።

ደግነትንና ችሎታን አንድ ላይ መያዙ ነው ከባዱ። ሙዕተዚላ የሚባሉት ሊቃውንት የአላህን ፍትሕ ለማስከበር ብለው፣ አላህ ለባሪያው የሚበጀውን የማድረግ ግዴታ አለበት አሉ። ከመምህራኖቻቸው አንዱ የበስራው አቡ ዐሊ አል ጁባኢ ነበሩ። ተማሪያቸው አቡል ሐሰን አል አሽዐሪ ስለ ሦስት ወንድማማቾች ጠየቋቸው ይባላል። አንዱ አማኝ ሆኖ ሞተ፣ አንዱ ከሓዲ ሆኖ፣ አንዱ በሕፃንነቱ። ሕፃኑ በኣኺራ እንደ አማኙ ወንድሙ ያለ ደረጃ ቢያጣና ጌታዬ ሆይ ለምን ዕድሜ አልሰጠኸኝም ቢልስ? ጁባኢ መለሱ፤ ብታድግ እንደምትክድ ስላወቅሁ ሕፃን ሳለህ መሞትህ በጀህ ይባላል። እንግዲያው ከሓዲው ወንድም ከእሳት ውስጥ፣ እኔስ እንደምክድ እያወቅህ በሕፃንነቴ ለምን አልወሰድከኝም ብሎ ቢጮህ? ጁባኢ ዝም አሉ፤ አሽዐሪም ከዚያ ወዲያ መንገዳቸውን ለዩ ይባላል። ንግግሩ በቃሉ እንዲህ መደረጉን የሚጠራጠሩ ተመራማሪዎች አሉ፤ ቁም ነገሩ ግን ጸንቶ ይቆያል። ለአላህ የሒሳብ መዝገብ ከፍተን፣ ይህ መከራ ለዚህ ጥቅም ነው፣ ያኛው ለዚያ እያልን የምንሞላለት ከሆነ፣ መዝገቡ የማይዘጋበት መስመር ይመጣል። ለለቅሶ ቤት የሚሄዱ ሰዎች ይህን ቢያስቡት ደስ ይለናል።

በሌላው ጫፍ ደግሞ ጀህም ኢብኑ ሶፍዋን ነበር። እሱ የአላህን ኀይል ከፍ አደርጋለሁ ብሎ ሰውን በነፋስ እንደምትወሰድ ቅጠል አደረገው፤ የሚሠራ የለም፣ ሠሪው አላህ ብቻ ነው አለ። ይህ እውነት ከሆነ ሞጣ ላይ እሳቱን የለኮሰችው እጅ ንጹሕ ናት ማለት ነው። አህለ ሱናህ ወል ጀማዓህ ይህን አልተቀበሉም።

እኛ የተማርነው ሁለቱን ስሞች አብሮ መጥራት ነው። ሱረቱ ሹዐራእን የሚቀራ ሰው ልብ ይበል፤ ከሙሳ ጀምሮ የነቢያት ታሪክ አንድ በአንድ ይነገራል፣ በየማሳረጊያው ጌታህ አሸናፊና አዛኝ ነው የሚል ሐሳብ ይመጣል። በሱራው ውስጥ ስምንት ጊዜ ተመልሷል። አንዱ ስም ያለ ሌላው አልመጣም። በሱረቱል አንዓም አላህ እዝነትን በራሱ ላይ መጻፉ ሁለት ጊዜ ተነግሯል። አቡ ዘር (ረ.ዐ.) ባስተላለፉትና ኢማም ሙስሊም በዘገቡት ሐዲሰል ቁድሲም አላህ በደልን በራሱ ላይ እርም ማድረጉ ተነግሯል። አሽዐሪዎች ሁሉም የእሱ ንብረት ስለሆነ ከእሱ በደል የሚባል ነገር ከናካቴው አይታሰብም ይላሉ፤ ኢብኑ ተይሚያ ደግሞ የማይችለውን ነገር በራሱ ላይ እርም የሚያደርግ የለም፣ ስለዚህ እየቻለ ነው የተወው ይላሉ። ከልጅነታችን የቀራነው የመጀመሪያውን መንገድ ነው፤ በዚህች ነጥብ ላይ ግን የሁለተኛው ክርክር ይበልጥ ይዋጥልናል። ደግነቱ የሚታየው እየቻለ በመተዉ ነውና።

የዐረብኛው ቋንቋ ራሱ የሚያስተምረን አለ። አላህ ቀዲር ነው ስንል፣ በቀደር እናምናለን ስንል፣ ለይለቱል ቀድርን በመጨረሻዎቹ አሥር ሌሊቶች ስንጠባበቅ፣ የሦስቱም ሥር ቃፍ፣ ዳልና ራ ነው። ከዚያው ሥር ችሎታም ይወጣል፣ መጠንም ይወጣል። መጠን የሌለውን ኀይል ጎጃሜ ያውቀዋል፤ በክረምት ከደጋው ወደ ዓባይ የሚወርደው ጎርፍ ነው። ማሳውንም፣ ድንጋዩንም፣ በሬውንም ሳይለይ ይወስዳል። ልጅ አላህ ሁሉን ቻይ ነው ሲባል የሚታየው እንደዚያ ያለ ኀይል ከሆነ በትክክል አላስተማርነውም።

እሺ፣ እሳቱን ለምን አላጠፋም? መላእክት ለጠየቁት ጥያቄ የተሰጣቸው መልስ እነሱ የማያውቁትን አላህ እንደሚያውቅ ነው፤ ዝርዝሩ አልተነገራቸውም። ከመላእክት በላይ እናውቃለን አንልም። ግን ረመዳን ራሱ አንድ ነገር በእጃችን ያስነካናል። በእኩለ ቀን ቤት ውስጥ ብቻህን ነህ፤ ገንቦው በውሃ ሞልቷል፣ በሩ ተዘግቷል፣ ማንም አያይህም። እጅህን ብትሰድ እጅህ አይደርቅም። ውሃው በአፍህ ውስጥ ድንጋይ አይሆንም። አላህ ሊያደርገው ይችል ነበር፤ ያኔ ግን በከተማው ሁሉ አንድም ጾመኛ አይኖርም፣ መጠጣት ያልቻለ ሰው ብቻ ነው የሚኖረው። ጾምህን ጾም ያደረገው እጅህ ነጻ መተዉ ነው። ሞጣ ላይ የዘረፈውና ያቃጠለውም እጅ በዚያው ነጻነት ነው የተዘረጋው። ነጻነቱ ከባድ ዋጋ አለው፤ ዋጋውንም አንዳንድ ጊዜ የሚከፍለው ምንም ያላጠፋ ሰው ነው። ይህን አናሳንሰውም። የተበደለው ሰው ሒሳብ የሚተሳሰብበት ቀን ባይኖር ኖሮ ጥያቄው መልስ አልባ ይሆን ነበር፤ በየውሙል ቂያማ የምናምነው ለጌጥ አይደለም።

ይህ መልስ የማይደርስበት ቦታ እንዳለም እናውቃለን። ሕፃን በትኩሳት ሲሞት ማንም ክብሪት አልጫረም። እዚያ ስለ ሰው ነጻነት ማውራት ከንቱ ነው። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወንዶች ልጆች በሙሉ በሕፃንነታቸው ነው የሞቱት፤ ከልጆቻቸው ከእሳቸው በኋላ የቆዩት ፋጢማ (ረ.ዐ.) ብቻ ናቸው። ኢብራሂም ሲያጣጥር አቅፈውት አለቀሱ፤ አንድ ሰሓባ እርስዎም ያለቅሳሉ ወይ ብሎ ሲደነቅ እንባው እዝነት መሆኑን ነገሩት፤ ዓይን እንደሚያነባ፣ ልብ እንደሚያዝን፣ አንደበት ግን ጌታን የሚያስቆጣ እንደማይናገር አስተማሩ። ልጁ ለምን በዚያ ዕድሜ እንደሞተ ምንም ማብራሪያ አልሰጡም። ልጇን የቀበረች እናት ዘንድ የሚሄድ ሸይኽ ይህን ሱና ቢይዝ ብዙ ንግግር ባልተናገረ።

ሰው ባጠፋው ጥፋት ላይ ግን ዝም ማለት ሌላ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ጠንከር ብለን መናገር እንፈልጋለን። በሽምግልና ተቀምጠው «ያለፈው አለፈ፣ አላህ ያመጣው ነው፣ ቀደር ነው» የሚሉ ሰዎች አሉ። ሰላም ፈልገው እንደሚሉት አንጠራጠርም፤ ሰላምን እኛም እንወዳለን፤ በጎጃም በቁጥር አነስተኛ ሆኖ፣ ነግዶና ሠርቶ ለሚኖር ሙስሊም ሰላም እንደ ዕለት እንጀራው ነው። ቀደር ግን የፍርድ ቤት መዝገብ ለመዝጋት አልተሰጠንም። በኡመያዎች ዘመን ገዥዎች ደም እያፈሰሱ የምንሠራው በአላህ ውሳኔ ነው ይሉ ነበር፤ ይህ ለሐሰኑል በስሪ በተነገራቸው ጊዜ የአላህ ጠላቶች ዋሹ ማለታቸው ተዘግቧል። ዑመር (ረ.ዐ.) ዘንድ የቀረበ ሌባም የሰረቅሁት በአላህ ውሳኔ ነው ብሎ ቢከራከር፣ እኛም የምንፈርድብህ በአላህ ውሳኔ ነው ማለታቸው ይተረካል። በ18ኛው ዓመተ ሒጅራ ሻም ላይ የዐምዋስ ወረርሽኝ ሲነሳ ዑመር ሠራዊታቸውን ይዘው ተመለሱ። አቡ ዑበይዳህ (ረ.ዐ.) ከአላህ ቀደር ትሸሻለህን ቢሏቸው፣ ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር እንደሚሸሹ መለሱ። በሽታው ቀደር ነው፣ መሸሹም ቀደር ነው። ቃጠሎው በአላህ ዕውቀት ውስጥ ከሆነ፣ አጥፊውን መጠየቅ፣ ለተጎዳው መካስ፣ ለዳግመኛው መከላከልም በዚያው ዕውቀት ውስጥ ነው። አንዱን ግማሽ ብቻ ቀደር ብሎ መጥራት አላህን ሳይሆን ራስን ማገልገል ነው።

ሱረቱል ሐጅ 40ኛው አንቀጽ ላይ ለጥያቄያችን ከሁሉ የቀረበውን እናገኛለን። አላህ ሰዎችን ከፊላቸውን በከፊላቸው ባይከላከል ኖሮ ስሙ በብዛት የሚወሳባቸው ቤቶች በፈረሱ ነበር የሚል መልእክት አለው። በምን እንደሚከላከል ልብ በሉ፤ በሰዎች ነው። እዚህ ወፍ የለም። የሞጣ ልጅ አላህ ለምን አልተከላከለም ሲል፣ ግማሹ ጥያቄ ወደ ላይ ይሄዳል፣ ግማሹ ግን ዙሮ ወደ እኛ ይመጣል፤ መከላከያ እንዲሆኑ የተሰጡት ሰዎች የት ነበሩ? የጸጥታ ኀላፊው፣ ጎረቤቱ፣ ወሬውን ሳያጣራ የተቀበለው፣ አይቶ በሩን የዘጋው። ከዚያ በኋላ ለመልሶ ግንባታ ከኪሱ ያወጣውን ሰው ስናይም የአላህ እጅ የት ነበር ብለን ሩቅ አንፈልግም። ከሞጣ ወዲያ በዓባይ ላይ ያለውን ሰባራ ድልድይ የሚያውቁ ሽማግሌዎች ይነግሩናል፤ ከተሰበረ በኋላ ለብዙ ዓመታት መንገደኛው በገመድ ታስሮ ወዲያ ማዶ ያሉ ሰዎች እየጎተቱ ያሻግሩት ነበር። ወዲያ ሲደርስ አልሐምዱሊላህ ይላል። የጎተቱትንም ሰዎች ያመሰግናል፤ ሁለቱ ምስጋና አይጣላም።

ያ አንቀጽ የሚቆጥራቸው ቤቶች ደግሞ አራት ዓይነት ናቸው። የመነኮሳት ገዳማት፣ ቤተ ክርስቲያኖች፣ የአይሁድ ምኩራቦች ይጠሩና መስጂዶች በመጨረሻ ይመጣሉ። ከቢቸና ወደ ሞጣ የሚሄድ ሰው በደብረ ወርቅ በኩል ነው የሚያልፈው፤ የደብረ ወርቅ ማርያምን ገዳም የማያውቅ የለም። በእኛ አገር ይህ አንቀጽ ሩቅ አይደለም። መስጂድ ሲነካ ክርስቲያኑ ጎረቤት መከላከያ ይሁን ብለን የምንጠብቅ ከሆነ፣ ቤተ ክርስቲያን በሚነካበት ቦታ ሁሉ መጀመሪያ መቆም ያለብን እኛው ነን፤ በውለታ መልክ ሳይሆን ሱራው ስላስቀደማቸው።

ስለዚህ በዚህ ረመዳን አልፊልን የምታስቀሩ የቢቸናና የሞጣ የመድረሳ አስተማሪዎችን፣ በቤታችሁም ታሪኩን ለልጆቻችሁ የምትነግሩ አባቶችና እናቶችን አንድ ነገር እንለምናችኋለን። አብረሃንና ወፎቹን ከነገራችኋቸው በኋላ እዚያ አታቁሙ፤ የ64ቱን ዓመት እሳትም ንገሯቸው። ቀጥሎ ሱረቱል ሐጅን ግለጡና 40ኛውን አንቀጽ ከነትርጉሙ አስቀሯቸው። ቤቶቹን በጣታቸው ይቁጠሩ፤ የትኛው በስንተኛ እንደመጣ እነሱ ይንገሯችሁ።